‹‹ቅመሽውና እይው›› ሳይንስ አይደለም!

ነሐሴን ደብረ ታቦር የከረመ ያውቀዋል፡፡ ጉና ጭጋጉን ተከናንቦ ይውላል፤ ግቢው ይጨቀያል፤ አንድ ቀን ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ትናንት ምንም ያልነበረበት ሣር ላይ ነጫጭ ባርኔጣ ተደርድሯል፡፡ እንጉዳይ!

ባለፈው ክረምት የኛም ግቢ አበቀለ፡፡ ፍልሰታ ነበርና ታናሽ ወንድሜ ‹‹እግዜር የጾም ሥጋ ከደጃችን ላከልን›› ብሎ ድስት ጣደ፡፡ የጎረቤታችን እትዬ ‹‹ነጭ ሽንኩርት ጨምሩበት፣ ከጠቆረ መርዝ ነው›› አሉ፡፡ ሌላው ‹‹መጀመሪያ ለውሻ ስጡት›› አለ፡፡ ወንድሜ ስልኩን አወጣና ፎቶ አነሣው፤ ‹‹አፑ አጋሪከስ ነው፣ ይበላል ብሎኛል! ካላመንሽ ትንሽ ቅመሽውና እይው!›› እኔ ድስቱን ደፋሁት፡፡ እስከ ዛሬ አኩርፎኛል፡፡ ይኸው መልሴ፡፡

በዓለም ላይ ብዙ ሰው የገደለው እንጉዳይ አማኒታ ፋሎይደስ ይባላል፡፡ ጣዕሙ አያስጠረጥርም፡፡ ሽንኩርት አያጠቁርም፡፡ ብትቀቅሉትም ብትጠብሱትም መርዙ አይጠፋም፡፡ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ታጋሽነቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ዝም ይላል፡፡ ከዚያ ትውከትና ተቅማጥ፣ ከዚያ የዳኑ የሚያስመስል ፋታ፣ ከዚያ ጉበት፡፡ እንግዲህ ‹‹ትንሽ ቀምሼ ትንሽ ልጠብቅ›› የሚል ጀግና ፈተናውን አለፍኩ ብሎ ሁለተኛውን ሳህን ሲያነሣ ገና ፈተናው አልተጀመረም! ውሻውም ማታ ጅራቱን እየቆላ ሊሸኘው ይችላል፡፡

ይህ ስህተት ለአገራችን አዲስ አይደለም፡፡ በ1969 ዓ.ም. በፎገራና በደምቢያ ጓያ ብዙ ሰው ሰብሯል፡፡ ሰው የበላው ቸግሮት ነው፤ ግን ‹‹የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው›› የሚል እምነትም ነበረ፣ እናም ከእንፋሎቱ ይሸሻል፤ መርዙ ያለው ፍሬው ውስጥ! ጥንቃቄ አላጣንም፡፡ ጥንቃቄያችን የተሳሳተ ጠላት ላይ አነጣጠረ እንጂ፡፡ የእትዬም ሽንኩርት ያው ነው፡፡

‹‹እና እንፍራ?›› ትሉኝ ይሆናል፡፡ አይደለም! ሁሉንም ‹‹የጅብ ጥላ›› ብሎ በእግሩ የሚረግጠውም ከወንድሜ አይሻልም፡፡ ጤፉን ማኛ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ ብሎ የሚለይ ሕዝብ በየክረምቱ ደጁ ለሚበቅለው ነገር ሁለት ስም ብቻ ይዞ ተቀምጧል፡፡ በደቡብ ምዕራብ ያሉት ማጃንጎች ግን የሚበላውንና የማይበላውን በየስሙ ይጠሩታል፤ ጃፓናዊቷ ኖቡኮ ቱኖ በ2001 (እ.ኤ.አ.) ጽፋዋለች፡፡ እውቀቱ አገር ውስጥ አለ፤ ለመጠየቅ ኮርተን ነው፡፡

ሙከራ ከፈለጋችሁ በአፍ ሳይሆን በወረቀት ይሁን፡፡ እንጉዳዩን ከሥሩ ቆፍራችሁ አውጡት፤ የአማኒታ መለያ የሆነው ከረጢት አፈር ውስጥ ተደብቆ ይቀራልና፡፡ ከዚያ ቆቡን ቆርጣችሁ ግማሹን በነጭ፣ ግማሹን በጥቁር ወረቀት ላይ ድፉትና ብርጭቆ ክደኑበት፡፡ ሲነጋ እንደ ዱቄት የደቀቀ ዘሩን ረግፎ ታገኙታላችሁ፤ ቀለሙን ተመልከቱ፡፡ ከደፋሁት የተረፈውን አንዱን እንዲህ አደረግሁት፤ ነጭ ሆኖ አደረ፡፡ የአጋሪከስ ዘር ደግሞ ጥቁር ቡናማ ነው፡፡ አፑ ዋሽቷል! ነጭ መሆኑ ግን ‹‹ይበላል›› ማለት አይደለም፤ የአማኒታም ዘር ነጭ ነው፡፡ ወረቀቱ ‹‹አትብሉ›› ሊላችሁ ይችላል፤ ‹‹ብሉ›› ለማለት ግን ለብቻው አይበቃም፡፡

መብላት ላማረው ኦይስተር የሚባለው እንጉዳይ በጭድ ላይ ይለማል፤ ጭድ ደግሞ በደቡብ ጎንደር አልጠፋም፡፡ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ከተማችን ነው፡፡ በቡሄ ማግስት አንድ ቀን በሩን ከፍቶ ‹‹ያገኛችሁትን እንጉዳይ አምጡ፣ ምንነቱን አብረን እንይ›› ቢል ምን ይከብደዋል? የመጀመሪያዋ ተሰላፊ እኔ ነኝ፡፡

ወንድሜ፣ ኩርፊያህ ይመችህ፡፡ እኔ የሚያኮርፍ ወንድም ይሻለኛል፡፡