ለልጆቻችን ከፀሐይ መጠለያ ስለመጠየቅ የቀረበ አቤቱታ

ቀን፦ የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሚመለከታቸው የጤናና የትምህርት ኃላፊዎች
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆች ከፀሐይ ጉዳት እንዲጠበቁ ስለመጠየቅ

እኛ አመልካቾች በላምበረትና በአካባቢው የምንኖር፣ አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ነን። አብዛኞቻችን በመናኸሪያው ዙሪያ በጉሊትና በቀን ሥራ የምንተዳደር ነን። ይህን አቤቱታ የምናቀርበው ማንንም ለመክሰስ ሳይሆን፣ በቃል ደጋግመን ጠይቀን ምላሽ በማጣታችን ነው።

ልጆቻችን ኮፍያ አድርገው ሲሄዱ ትምህርት ቤት በር ላይ «ከደንብ ልብስ ውጪ ነው» ተብሎ ይወሰድባቸዋል። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ይውላል። ማታ ልብሳቸውን ስናወልቅ ማጅራታቸውና የጆሯቸው ጫፍ ቀልቶ፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ እናገኘዋለን። ሰንስክሪን ስንጠይቅ ፋርማሲው ከመዋቢያ መደርደሪያ ነው የሚያወርድልን፤ ዋጋውም የመዋቢያ ዋጋ ነው። ቶሎ እንዳያልቅብን አፍንጫና ጉንጭ ብቻ እናስነካለን፤ አንገትና ክንድ ይቀራል።

«አየሩ ብርድ ነው፣ ፀሐይዋ ምን ታመጣለች?» የሚሉን አሉ። ጉዳቱ የሚመጣው ግን ከሙቀቱ ሳይሆን ከአልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ጨረሩ ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል፤ ከተማችን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የእንጦጦ ነፋስ ቆዳን ስለሚያቀዘቅዝ ልጁ መቃጠሉን የሚያውቀው ከመሸ ነው።

ነገሩ በቆዳ መላጥ ብቻ አያበቃም። ጨረሩ በዲኤንኤ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፊደላትን ያጣብቃል። ባክቴሪያ፣ ዕፅዋትና እንቁራሪት ይህን በብርሃን ኃይል የሚያላቅቅ ኢንዛይም አላቸው፤ ሰውና አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ግን የላቸውም። የእኛ ሴል የተበላሸውን ቦታ፣ 30 ገደማ ፊደል፣ ቆርጦ ያወጣና ከትይዩው ሰንሰለት እያየ መልሶ ይሞላዋል። ፕሮፌሰር አዚዝ ሳንጃር በ2015 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን የተጋሩት ይህን አሠራር ገልጠው በማሳየታቸው ነው። ጉዳቱ ጥገናውን ሲቀድም ሴሉ መከፋፈል አቁሞ ያለዕድሜው ያረጃል፣ አለዚያም ወደ ካንሰር ያመራል። በሌላው ሰው ሜላኒን የተባለው ቀለም በሴሉ አስኳል ላይ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ጨረሩን ይቀንሳል። የልጆቻችን ሴል ጥገናውን አላጣም፤ ያጣው ጃንጥላውን ነው። እሱን ደግሞ ከውጭ መስጠት ይቻላል።

የምንጠይቀው እንግዳ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 እ.ኤ.አ. ሰንስክሪንን አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36ም ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። ስለዚህ፦

1. ሰንስክሪን እንደ መድኃኒት ተቆጥሮ በጤና ጣቢያ በነፃ ወይም በአቅማችን ልክ እንዲቀርብልን፤

2. ልጆቻችን ሰፊ ኮፍያ፣ እጀ ሙሉ ልብስና የፀሐይ መነጽር እንዲያደርጉ፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜያቸውም ጠዋት ወይም ወደ ማታ እንዲሆን ለትምህርት ቤቶች የጽሑፍ መመሪያ እንዲተላለፍ፤

3. ቆዳቸው በየጊዜው በአቅራቢያችን እንዲታይ፣ የማይድን ቁስል ያለበትም ሳይዘገይ ወደ ቆዳ ሐኪም እንዲላክ

በትሕትና እንጠይቃለን።

ምላሹ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይሰጠን ዘንድ እናመለክታለን። ጥያቄያችን ተቀባይነት የማያገኝ ከሆነም ምክንያቱ ተገልጾ ይጻፍልን፤ ያንኑ ይዘን ለበላይ አካል አቤት እንላለን።

ከአክብሮት ጋር
አመልካች ወላጆች
ላምበረት፣ አዲስ አበባ