ቁስል ሳይጠግግ የሚያዝ ሥራ

ኦፕራሲዮን ተደርጎለት ቤቱ የገባ የእጅ ባለሙያ፣ በተለይ መርካቶ ውስጥ፣ ጠያቂ አይጎድልበትም። አጥሚቱንና ብርቱካኑን ይዞ የመጣው ሰው ከ«እግዜር ይማርህ» ቀጥሎ ምክሩንም ያካፍላል። ምክሩ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ግማሹ «ነፍስህ ትቅደም፣ ሥራው የትም አይሄድብህም» ይላል። ሌላው «ዝም ብለህ ከተኛህ በሽታው ይለምድብሃል፣ ትንሽ ትንሽ እጅህን አፍታታ» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ከፍቅር ነው፤ ሁለቱም እንደነሱ አባባል አድርጎ የዳነ ሰው መጥቀስ አያቅታቸውም። ለሸማኔ፣ ለጥልፍ ሠሪ፣ ለሰዓሊ ወይም ለዘፋኝ ሲሆን ደግሞ ክርክሩ ይከራል፤ ሥራው እንጀራውም ክብሩም ነውና። ከሁለቱ አንዱን ወገን ፈጽሞ ተሳስቷል ለማለት አልደፍርም። ግን የሁለቱንም ምክር መመዘን የሚቻል ይመስለኛል።

ዕረፍትን የሚመክሩት ከሥጋ ይጀምራሉ፤ መነሻቸውም ጠንካራ ነው። ላይ ላዩን የተጋጠመ ቆዳ ከውስጥ ድኗል ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የተሰፋው ቦታ ጥንካሬ የጤነኛውን ቆዳ ሲሶ ያህል እንኳ ላይደርስ ይችላል። ወራት አልፈውም ቢበዛ ወደ 80 በመቶ ገደማ ነው፤ ጠባሳው እየተስተካከለ የሚቆይበት ጊዜ ደግሞ ዓመትና ከዚያም በላይ ይሆናል። ሆዳቸውን ኦፕራሲዮን ለሆኑ ሰዎች ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳያነሡ የሚያዙት ለዚህ ነው። ሸማ ተራ የሚደርሰውን ጥበብ የሚሠራ ሸማኔ ከባድ ነገር አያነሣም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ፣ በአንድ እጁ መወርወሪያውን እየወረወረ፣ ማጉን ደግሞ እየሳበ የሚያጠብቀው በሆዱና በወገቡ ጉልበት ነው። ዘፋኝም ትንፋሹን የሚገፋው በዚያው በሆድ ጡንቻ ነው፤ ለማደንዘዣው በጉሮሮው ቱቦ ገብቶለት ከነበረም የድምፅ አውታሩ ለጊዜው ሊጎረብጠው ይችላል። በሕመም ማስታገሻ የደነዘዘ ዓይንና እጅ ስለሚሠራው ነገር ጥራት እርግጠኛ መሆን አለመቻሉም ሌላ ስጋት ነው።

ይሁን እንጂ ሕክምናው ራሱ ሙሉ በሙሉ ከዕረፍት ወገን አልቆመም። ቀድሞ ታማሚው ለሳምንታት ከአልጋ እንዳይነሣ ይደረግ ነበር። ዛሬ ግን አቅሙ ለፈቀደለት፣ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ እንዲቆምና እንዲራመድ ይበረታታል፤ ብዙ መተኛት እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ፣ ሳንባም እንዲታመም ስለሚያጋልጥ ነው። የሥራ ወገኖች ይህን ሲያነሡ እውነት አላቸው። እርግጥ ኮሪደር ለኮሪደር መራመድና ሸራ ፊት ግማሽ ቀን መቆም አንድ አይደሉም። ቢሆንም «ንቅንቅ አትበል» የሚለው ምክር እንደ ድሮው የሐኪም ድጋፍ የለውም።

ለሥራ ወገን ትልቁ ምስክር የፈረንሳዩ ሰዓሊ ሄንሪ ማቲስ ነው። ማቲስ ያደገው ቦሄን በምትባል የሸማኔዎች ከተማ ነው። መሳል የጀመረውም በ20 ዓመት ዕድሜው የትርፍ አንጀት ሕመም አልጋ ላይ ጥሎት ሳለ እናቱ የቀለም ሣጥን ሰጥተውት እንደሆነ ይነገራል። በ1941 እ.ኤ.አ.፣ ዕድሜው 71 ሲሆን፣ ለአንጀት ካንሰር ከባድ ኦፕራሲዮን ተደረገለት። ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው ቆሞ መሳል አቃተው። ስለዚህ በቀለም የተቀባ ወረቀት በመቀስ እየቆረጠ መሥራት ያዘ። በ1947 የታተመው «ጃዝ» የተባለው መጽሐፉ የተሠራው እንዲህ ነው። ሥዕሎቹም በአብዛኛው ካለፈ ሕይወቱ የተቀዱ ናቸው፤ ሰርከስ፣ ተረት፣ የጉዞ ትዝታ። ማቲስ እንዲህ እየሠራ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ 13 ዓመት ኖሯል። ሙሉ ልብስ ከአንድ ጣቃ ቆርጦ የሚያወጣ የመርካቶ ልብስ ሰፊ ይህን ታሪክ ሲሰማ መቀሱን በሌላ ዓይን ማየቱ አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

ግን አንድ ማቲስ ሕግ አይሆንም። ወረቀቱን በቀለም የሚቀቡለትና ግድግዳው ላይ የሚሰኩለት ረዳቶች ነበሩት። ገበያ ሊያመልጠኝ ነው ብሎም አይጨነቅም ነበር። የሜክሲኮዋ ሰዓሊ ፍሪዳ ካሎ ደግሞ በ1953 እ.ኤ.አ. በሀገሯ የተከፈተላትን ኤግዚቢሽን ያየችው አልጋዋን አስገብታ፣ ተኝታ ነው። በዚያው ዓመት እግሯ ተቆረጠ፤ በዓመቱ ሐምሌ አረፈች። በመጨረሻ ሥዕሎቿ ላይ የእጇን መላላት የሚያስተውሉ ሰዎች አሉ። በሌላ በኩል ሥራው ባይኖር ያን ያህል እንኳ ባልቆየች ነበር የሚሉ አሉ፤ ማን ሊፈርድ ይችላል?

ወደ ቤታችን ስንመጣ ዘፋኙ ጥላሁን ገሠሠ ይታወሰናል። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. አንገቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደርሶበት ታክሞ ዳነ፤ ተመልሶም ዘፈነ። በኋላም የስኳር ሕመም እግሩን ነጠቀው፤ እሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ መድረክ ላይ ታየ። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት፣ ከዚህ ዓለም እስኪለይ ድረስ ሕዝቡ ከመድረክ ለይቶ ሊያስበው አልቻለም። አድናቂዎቹ ይህን የጽናት ምሳሌ አድርገው ይቆጥሩታል፤ ትክክልም ናቸው። የታመመን ሰው «አንዴ ብቻ ዝፈንልን» የሚል የሕዝብ ፍቅር ከባድ ሸክም ሊሆን እንደሚችል የሚያሳስቡም አሉ። ይህንንም ማድመጥ ይገባል። ከኦፕራሲዮን ባልተናነሰ አርቲስትን የሚያደክመው አንዳንዴ የእኛ ጉጉት ነው። በዚህ በኩል የመርካቶው ልጅ የዘፋኙ የማሕሙድ አሕመድ አካሄድ ሌላ ገጽ ያሳየናል። በወጣትነቱ ጫማ ጠርጎ ያደገው ማሕሙድ በ83 ዓመቱ፣ ጥር 2017 ዓ.ም.፣ በሚሌኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርት አድርጎ መድረኩን ራሱ ተሰናበተ። ጉዳዩ ኦፕራሲዮን አልነበረም። ሆኖም «መቼ ላቁም» የሚለውን ጥያቄ ባለቤቱ ራሱ ሲመልሰው ምን እንደሚመስል አይተንበታል።

እስካሁን ያልነካሁት ገንዘቡን ነው። በዕረፍት ወገን በኩል ያለው ትልቅ ድክመትም ይህ ይመስለኛል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ተቀጣሪ ሲታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ላሉት ሦስት ወራት ፈቃዱ ያለ ክፍያ ነው። በራሱ እጅ ሠርቶ የሚያድረው የመርካቶ ጥልፍ ሠሪ ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። «ሁለት ወር ዕረፍ» ማለት ለእሱ የሱቅ ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤትና ወደ ሌላ የሚሄድ ደንበኛ ማለት ነው። መካሪው ይህን ሳይቆጥር ከመከረ ምክሩ ትክክል ሆኖም አይፈጸምም። የሥራ ወገኑ ደግሞ ችግሩን በጽናት ስም ሲሸፍነው ያሳዝነኛል። ሰው ከችጋር ብዛት ስፌቱ ሳይፈታ ወደ ሥራ ሲመለስ «አይበገሬ» ብሎ ማሞገስ ርኅራኄ አይደለም።

ሌላው ጉዳይ የቀድሞ ሥራ ነው፤ ክርክሩ እዚህ ላይ ረቀቅ ይላል። ከአልጋ ያልራቀ ሰው ጊዜ አለው። ካሴቶቹን፣ የድሮ ንድፎቹን፣ ለሙሽራ ሠርቶ በፎቶ ያስቀረውን ጥልፍ ያወጣና ያያል። አንዳንዶች ይህ ራሱ መድኃኒት ነው ይላሉ፤ ማቲስም ከትዝታው ቀድቶ አዲስ ነገር ሠርቷል። በአንጻሩ ደካማ እጅ ብርቱ እጅ የሠራውን ሲያይ ሊሰበር፣ ወይም የባሰውን፣ ሊያርመው ሊነሣ ይችላል። ፈረንሳዊው ሰዓሊ ክሎድ ሞኔ በ1923 እ.ኤ.አ.፣ ዕድሜው 82 ሳለ፣ ለዓይን ሞራ ኦፕራሲዮን ከተደረገለት በኋላ ቀለሙ ሁሉ ተዛብቶ ታየው። በእነዚያ ዓመታት የራሱን ሸራዎች አጥፍቷል፤ እንደገና የነካካቸውም እንዳሉ ይነገራል። የደራሲ መብቱ ነው የሚል ይኖራል፤ ሠሪው ካላረመ ማን ያርመዋል? ይህ ክርክር ክብደት አለው። እኔን የሚያስፈራኝ ግን እርማቱ ጨርሶ ካልዳነ ዓይን የመጣ እንደሆነ ነው። በአንጻሩ የክራር ባለሙያዋና ተዋናይቷ አስናቀች ወርቁ በ1960ዎቹ ዓ.ም. የቀረጸቻቸው ሥራዎች «ኢትዮጲክስ» የተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 16ኛ ቅጽ ሆነው ለዓለም ወጥተዋል። እሷ ግን በመስከረም 2004 ዓ.ም. እስክታርፍ ድረስ የመጨረሻ ዓመቶቿን ያሳለፈችው በአብዛኛው በሕመም አልጋ ላይ ነው። የድሮው ድምፅ ሳይነካ መቆየቱ፣ የዛሬው ጉልበት ሲደክም የትናንቱ በራሱ እግር እንዲሄድ አድርጓል።

እንግዲህ ወዴት ላዘንብል? ጥንቃቄዬን ሳልለቅ፣ ወደ መካከሉ። የመጀመሪያው ዳኛ ኦፕራሲዮኑ የተደረገበት ቦታ ቢሆን መልካም ነው። ሆዱን የተሰፋ ሸማኔ ከጉድጓዱ ርቆ ንድፍ መሥራት፣ ክር መምረጥና ቀለም ማጣመር ይችላል። እጁን የተሰፋ ሰው ደግሞ ለተማሪው በቃል ማስረዳት አያቅተውም። ጥልፍ አልጋ ላይ ተቀምጦ የሚያዝ ሥራ ስለሆነ ከሌሎቹ ቀድሞ ሊጀመር ይችል ይሆናል፤ ያም ቢሆን በአጭር በአጭሩ፣ ሐኪሙ ሲስማማበት። ዘፋኝ ግን ከሁሉም ይልቅ መቆየት ያለበት ይመስለኛል፤ የተጎዳ ድምፅ በሌላ መሣሪያ አይተካምና። በዚህ ጊዜ የሚሠራው ነገር ቀጠሮና ቀብድ የሌለበት ቢሆን ደግሞ የሥራ ወገኑ የሚፈልገው ደስታ ሳይቀር የዕረፍት ወገኑ የሚፈራው ጥድፊያ ይቀራል። የድሮውን ሥራ ማየት፣ ማድመጥ፣ ለልጆች ማሳየት መልካም ነው። መቀደዱንና ማረሙን ግን ማስታገሻው ከቀረ፣ እንቅልፍም ከተስተካከለ በኋላ ማድረግ ይሻላል። ያን ጊዜም ማጥፋት የፈለገ ያጥፋ፤ ሥራው የእሱ ነው።

ይህ መካከለኛ መንገድ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ጥያቄው ከታማሚው ይልቅ ወደ ጠያቂው ይዞራል። መርካቶ ገበያው ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ ከተዛወረበት ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ ሱቁ ለሱቅ፣ ተራው ለተራ እየተደጋገፈ የኖረ ሰፈር ነው። ብዙ እድሮች ግን ገንዘባቸውን በዋናነት ለቀብር ነው የሚያወጡት፤ የታመመን አባል የሁለት ወር ኪራይ ስለመሸፈን መነጋገር ቢጀምሩ ተገቢ ነው። በዕቁብም ቢሆን ዕጣው የወጣለት ሰው ለታመመው ተራውን ሲለቅ የታየ ነገር ነው፤ ልማዱ በደንብ ውስጥ ተጽፎ ቢገባ የታመመው ሰው ለመለመን አይሸማቀቅም። ሥራ ያዘዘ ደንበኛም ቀብዱን ሳያስመልስ ቀኑን ማራዘም ይችላል። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ «ተኛ» ወይም «ተነሥ» የሚለውን ምርጫ ለባለሙያውና ለሐኪሙ መተው የሚቻል ይመስለኛል።