አገር በስንት ኪሎ ትመዘናለች?

ባለፈው እሁድ ምሳ ላይ ቤታችን ሸንጎ መስሎ ዋለ። የበኩር ልጄ ባንክ ቤት ነው የሚሠራው፤ ቁጥር ይወዳል። እንጀራው ገና ሳይቆረስ «ኢኮኖሚው አድጓል፣ የዋጋ ንረቱ ወርዷል፣ የውጭ ንግዱም ተሻሽሏል» እያለ ከስልኩ ላይ ያነብልን ጀመር። ታናሽ እህቱ የቅዳሜ ገበያ ድካም ገና አልለቀቃትም። «እስቲ ያንን ፐርሰንትህን ይዘህ ሾላ ገበያ ሂድና ሽንኩርት ስጡኝ በል!» አለችው። «ሰው እኮ ተማሯል። ታክሲ ውስጥ ስማ፣ ለቅሶ ቤት ስማ። የአገሩን ሁኔታ የሚያውቀው ሕዝቡ ነው እንጂ ሪፖርቱ አይደለም።»

«ሕዝቡማ መቼ አማሮ ያውቅና ነው የሚተወው!» አላት።

«እማዬ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» ብለው ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም «ወጡ እየቀዘቀዘ ነው» ብዬ አለፍኩት። ምራቴ ከሁላችን ተለይታ ዝም ብላለች። ሽሮ የነካ እንጀራ በጣቷ እያደቀቀች ትንሹን ልጇን ታጎርሳለች። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ማክሰኞ ጠዋት ምራቴ ሥራ ስለምትገባ የልጅ ልጄን ለ15 ወር የኩፍኝ ክትባቱ ወደ ጤና ጣቢያ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሲስተሯ ልብሱን አስወልቃ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። ካርዱን አወጣች፣ ነጥብ አደረገችበት፣ ከዚያ ትንሽ ዝም አለች።

«እናቴ፣ ይህንን መስመር ያዩታል? ወደ ላይ መውጣት ነበረበት። ልጁ ዓመት ከሞላው ወዲህ ኪሎው አልጨመረም።»

አያት አይደለሁ፣ ለመከላከል ቸኮልኩ። «ኧረ ደህና ነው ልጄ! ይጫወታል፣ ይስቃል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል።»

«መጫወቱ ጥሩ ነው» አለችኝ። «ግን አልጨመረም።»

ተራ የምትጠብቅ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። የታቀፈቻትን ልጅ ዓመት ተኩል ይሆናታል ብዬ ስጠይቃት ሁለት ዓመት ከስድስት ወሯ ነው አለችኝ። ቁመቷ ተለክቶ ለዕድሜዋ አጭር እንደሆነች ሲነገራት እናትየው ፈገግ አለች። «እኔም አባቷም አጭር ነን። ሰፈራችን ያሉት ልጆችም እንደሷ ናቸው፤ ምንም አልሆነችም።» ልጅቷ የእናቷን ነጠላ ጫፍ እየጎተተች ትስቃለች። እውነትም ያማት ነገር ያለ አይመስልም።

ከዚያ የእንጨት ወንበር ላይ ሆኜ ነው የእሁዱ ክርክር መልስ የመጣልኝ። ልጆቼ የተከራከሩት «የአገርን ጤና የሚነግረን ቁጥሩ ነው ወይስ የሕዝቡ ስሜት?» ብለው ነበር። እኔ ደግሞ ካርዱ እጄ ላይ እያለ «ይስቃል» ብዬ ስከራከር ነበር።

እስቲ በልጄ ቁጥር ልጀምር። የአንድ አገር ዓመታዊ ገቢ እንዴት እንደሚሰላ በዘመናዊ መንገድ ካስተማሩት ሰዎች አንዱ ሳይመን ኩዝኔትስ ነው። በዛሬዋ ቤላሩስ ፒንስክ ከተማ ተወልዶ አሜሪካ የገባ ሊቅ ነው፤ ኋላ እ.ኤ.አ. በ1971 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስሌቱን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1934 ለአሜሪካ ምክር ቤት ሲያስረክብ፣ በዚያው ሪፖርት ውስጥ ማስጠንቀቂያ አስገባበት። የሕዝብን ደኅንነት ከዚህ ቁጥር ብቻ መገመት እንደማይቻል ነገራቸው። ባለቤቱ ራሱ ያስቀመጠው ማስጠንቀቂያ ነው እንግዲህ። ቁጥሩ ዓለምን ሲዞር ማስጠንቀቂያው መንገድ ላይ ቀረ።

ምክንያቱ ከባድ አይደለም። ስሌቱ የሚይዘው በገንዘብ የሚለወጠውን ነው። እኔ የልጅ ልጄን ስጠብቅ ብውል አልቆጠርም፤ ሞግዚት ተቀጥራ ብትጠብቀው ደሞዟ ይቆጠራል። የሲሚንቶውም የወተቱም ብር እኩል ይደመራል፤ ወተቱን ማን እንደጠጣው ድምሩ አይናገርም። ለነፍስ ወከፍ ሲካፈል ደግሞ አካፋዩ የሕዝቡ ብዛት ነው። እኛ ዘንድ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ አካፋዩ በግምት የተያዘ ነው።

ይህ ማለት ግን ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ልጄን በደንብ ሳልሰማው ብቀር ይቀየመኛል፤ ስለዚህ ይህንንም ልናገር። በአገራችን በየጊዜው የሚካሄድ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አለ። ቤት ለቤት እየተዞረ እናቶች ይጠየቃሉ፣ ሕፃናት ይመዘናሉ፣ ቁመታቸው ይለካል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። እነዚያን ዓመታት አስታውሳለሁ። ጤፍና ዘይት ሲወደድ ስናማርር የከረምንባቸው ናቸው። ማማረራችን እውነት ነበር። ነገር ግን በዚያው ጊዜ በየመንደሩ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ከሞት እየተረፉ መሆናቸውን ማናችንም በስሜታችን አላወቅንም። ያልሞተ ልጅ ለቅሶ የለውም፤ ድንኳን አይተከልለትም። ስለዚህ ወሬውም ታክሲ ውስጥ አይወራም።

አሁን ወደ ልጄ እህት ስሜት ልምጣ። ያው ጥናት ሌላም ነገር ይነግረናል። በ1992 ዓ.ም. ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 38 በመቶ ወረደ። መሻሻሉ ትልቅ ነው። ቢሆንም ኢኮኖሚው በመንግሥት አሀዝ ለአስር ዓመት ያህል በአማካይ 10 በመቶ ገደማ ሲያድግ ከቆየ በኋላ እንኳ ከአስር ልጅ አራቱ ገደማ ቁመቱ ከዕድሜው በታች ነበር። መቀንጨር ከቁመት ማጠር ያለፈ ነገር ነው። ከጽንስ እስከ ሁለተኛ ልደት ባሉት 1,000 ቀናት ውስጥ የተጓደለ ምግብና የተደጋገመ ሕመም የአእምሮንም እድገት ይነካል፤ ትምህርት ቤት ሲገቡ ይታያል፤ በኋላ ማካካሱም ከባድ ነው።

ታዲያ ይህን የሚያህል ነገር እንዴት የሕዝብ ብሶት አልሆነም? መልሱን ያቺ እናት ሰጥታኛለች። «ሰፈራችን ያሉት ልጆችም እንደሷ ናቸው።» ሰው የሚያማርረው ከትናንቱ ወይም ከጎረቤቱ ጋር አስተያይቶ ነው። ሁሉም እኩል ሲያጥር ግን አጭር የለም። ስሜት ድንገተኛውን ሕመም ይናገራል፤ የለመደውን አይናገርም።

ስሜት ሲባል ደግሞ የማን ስሜት ብሎ መጠየቅም አለ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. እኔ አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የታይፕ ጸሐፊ ነበርኩ። አብዮቱ አስረኛ ዓመቱን የሚያከብርበት፣ ኢሠፓም የሚመሠረትበት ወር ነው። ከተማው በቀይ ጨርቅና በመፈክር አሸብርቆ፣ እኛም ሰልፍ ስንለማመድ ከርመን፣ እግራችን እስኪነቃ ዘምረናል። በዚያው ሰሞን ኮረምና ሰቆጣ ላይ ሰው በረሃብ እየረገፈ ነበር። ውስጥ ውስጡን ይወራል፤ ጮክ ብሎ የሚናገር የለም። ጥቅምት ላይ ቢቢሲ የኮረምን ምስል ሲያሳይ ዓለም ደነገጠ። የዋና ከተማው ስሜት የአገሩ ስሜት አልነበረም። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው ለሰው ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለአገርም ይሆናል።

ማክሰኞ ማታ ምራቴ ከሥራ ስትመለስ ካርዱን አሳየኋት። ሳትቀበለኝ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ባለፈው ወርም ነግረውኝ ነበር፣ እማማ። ምን ብዬ ልንገራችሁ? ወተቱን ከተውነው ቆየን። እንቁላልም ለእሱ ብቻ፣ ያውም አንዳንድ ቀን ነው። የአስቤዛው ብር ያው ነው፤ ሁለት ዓመት ሆነው። ብጠይቀው “ንረቱ እኮ ወርዷል፣ በቅርቡ ይረክሳል” ይለኛል።»

ልጄ ክፉ ባል አይደለም። ያነበበውን አምኖ ነው። ነገር ግን እሱ ራሱ ባንክ እየሠራ የተሸወደበት ነገር ብዙ አባወራ የሚሸወድበት ስለሆነ እዚህ ላይ ላብራራው። ለምሳሌ አምና 50 ብር የነበረ ዕቃ ዘንድሮ 100 ብር ቢገባ ንረቱ 100 በመቶ ነው። በሚቀጥለው ዓመት 110 ብር ቢሆን ንረቱ ወደ 10 በመቶ ወረደ ይባላል። እውነት ነው፣ ወርዷል። ዕቃው ግን 110 ብር ነው። የወረደው የመወደዱ ፍጥነት እንጂ ዋጋው አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የአገራችን ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ቢቀንስም ያን ጊዜ የወጣው ዋጋ እላይ እንደወጣ ነው፤ ላዩ ላይም ተጨምሮበታል። ለአስቤዛ የሚሰጠው ብር ባለበት ከቆመ የጎደለው ከአንድ ቦታ መቀነስ አለበት። እናት ደግሞ መጀመሪያ ከራሷ ትቀንሳለች፣ ቀጥሎ ከማይናገረው።

ማታውኑ ልጄን አስቀምጬ ካርዱን ሰጠሁት። ቁጥር ይወዳል ብያችሁ የለ? አገላብጦ አየው። ነጥቦቹን በጣቱ እየተከተለ ቆጠረ፤ ዓመቱ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «እማዬ፣ ይሄ መቼ ነው የሆነው?» አለኝ።

«እኛ ስለ አገር ስንከራከር» አልኩት።

ሲስተሯ ያለችኝን ለእናንተም ላካፍላችሁ፤ ትንሽ ልጅ ላለበት ቤት ሁሉ ይጠቅማል። ገና አልቀነጨረም፣ ጊዜ አለን ብላለች። እስከ ሁለት ዓመቱ ጡት አይቋረጥበትም። ከዚያ በተጨማሪ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይብላ፤ በመሃልም መክሰስ አይጠፋ። ገንፎው ቀጠን ያለ ውኃ አይሁን፤ ከእህልና ከጥራጥሬ የተቀላቀለ ዱቄት ይሁን፣ ዘይት ጠብ ይበልበት። እንቁላል ቢገኝ በየቀኑ፤ ጎመንና ካሮት ተቀቅሎ ይደቆስለት። በየወሩም ይመዘን። ወተትና እንቁላሉን በተመለከተ ቤተሰቡ መክሮ የአስቤዛውን ብር ከፍ አደረገ፤ እኔም ከጡረታዬ እንቁላሉን ችያለሁ። ልጄ በሳምንት ሁለት ቀን ማኪያቶውን ትቷል። ይህ የእኛ አቅም ነው። ያቺ እናት ከየት ታመጣለች የሚለው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ለማጥፋት ቃል ገብቷል። ቃሉ በረሃብ በተጎዳች ከተማ ስም መሰየሙ ደግ ነው። ስለ እድገት በተነገረ ቁጥር ያ ቃል የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ የእኛ የወላጆችና የአያቶች ድርሻ ይመስለኛል።

እንግዲህ ልጆቼ ለጠየቁኝ ጥያቄ ዘግይቼም ቢሆን መልሴ ይኸው። ሪፖርቱም አልዋሸም፣ ታክሲው ውስጥ ያለው ሰውም አልዋሸም። አንዱ ስንት ብር እንደተንቀሳቀሰ ይናገራል፣ ሌላው ዛሬ ምን እንዳመመው። አገሩ እንዴት እንዳለ ማወቅ የፈለገ ግን ከሁለቱ ቀጥሎ መናገር የማይችሉትን ይመዝን። ሚዛኑ በየጤና ጣቢያው አለ።

እናንተስ ቤት ካርዱ የት ነው ያለው? ዛሬውኑ ከመሳቢያው አውጡትና መስመሩን እዩት። የእኛ ልጅ ቀጠሮ በሚቀጥለው ወር ማክሰኞ ነው። በዚህ ጊዜ አባቱም ፈቃድ ጠይቋል፤ አብረን እንሄዳለን።