ሪች ስታከር በስሪት ዘመኑ አይገዛም



ያገለገለ ሪች ስታከር፣ ማለትም ኮንቴይነር አንስቶ የሚደረድር ማሽን፣ ገዝቶ ማስገባት ተገቢ ነው አይደለም የሚለው ክርክር በቃሊቲና በገላን የኮንቴይነር ግቢዎች አዲስ አይደለም። አንዱ ወገን «የሰው አገር ጥራጊ ማራገፊያ ሆንን» ይላል፤ ሌላው የአዲሱን ዋጋ ጠርቶ ዝም ያሰኘዋል። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ዕቃን በአንድ ውል በባሕርና በየብስ የማጓጓዝ (መልቲሞዳል) ሥራ ለግል ድርጅቶችም በተከፈተበት በዚህ ጊዜ ሁሉም አዲስ ማሽን ይግዛ ማለት አትሥሩ ከማለት አይለይም። ቅሬታዬ ያገለገለውን በምንመርጥበት መንገድ ላይ ነው።

በየጨረታ ሰነዱ የማየው መስፈርት ተመሳሳይ ነው፦ የስሪት ዘመኑ ከዚህ ዓመት ወዲህ የሆነ፣ 45 ቶን የሚያነሳ፣ ከዚያ ዝቅተኛ ዋጋ። የስሪት ዘመን ለቤት መኪና ይረዳ ይሆናል። ቀንና ሌሊት በሚሠራ የባሕር ወደብ የዋለ ሪች ስታከር ግን በዓመት 4 ሺህ ሰዓት ቢሠራ በ5 ዓመቱ 20 ሺህ ሰዓት ይሞላዋል። በአንድ ፋብሪካ ግቢ በቀን ጥቂት ኮንቴይነር ሲያነሳ የኖረ የ12 ዓመት ማሽን የዚህን ግማሽ እንኳ ላይሠራ ይችላል። በእኛ መስፈርት የደከመው ያልፋል፣ ደህናው ይወድቃል። ሰዓት ቆጣሪውም ቢሆን ብቻውን አይታመንም፤ ይቀየራል። የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ አልቆ ብረቱ እየታየ ቆጣሪው ትንሽ ሰዓት ካሳየ፣ እኔ የማምነው ፔዳሉን ነው።

ከሞተሩ ይልቅ የሚያስፈራኝ ጭነቱን የሚያነሳው ረጅም ክንድ፣ ቡሙ ነው። ሞተር ይታደሳል፤ ማርሽ ሳጥን ይወርዳል፣ ይጠገናል። ቡም ግን በየቀኑ እየተለጠጠና እየታጠፈ የሚኖር ብረት ነው፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ብየዳው አጠገብ፣ በዓይን በማይታይ ልክ ነው። ለሽያጭ ሲዘጋጅ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ቀለም ይቀባል። የሚያብረቀርቅ ማሽን ሲመጣ ሥራ አስኪያጆች ደስ ይላቸዋል፤ እኔ ቀለሙ ሥር ምን ተበይዶ ይሆን እላለሁ። ስንጥቅ አውጪ ፈሳሽ ተቀብቶ ብየዳዎቹ ይታዩ፣ ኮንቴይነሩን ቆልፈው የሚይዙት የስፕሬደሩ ትዊስት ሎኮች ተፈትተው ይመርመሩ፣ የሞተሩና የሃይድሮሊኩ ዘይት ናሙና ይወሰድ፣ ማሽኑ ሙሉ ጭነት አንስቶ ይፈተን። ይህ ሁሉ መደረግ ያለበት ገንዘቡ ሳይከፈል፣ ማሽኑ ባለበት አገር ነው። ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ ማን ይመልሰዋል?

«45 ቶን» የሚለውም ቁጥር ያሳስታል። ያ አቅም ለፊተኛው የኮንቴይነር ረድፍ ነው። ቡሙ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ሲዘረጋ እንደ ሞዴሉ ወደ 30 ቶን አካባቢ ይወርዳል፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የዚያ ግማሽ ገደማ ነው። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ደግሞ እስከነጭነቱ 30 ቶን ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የጨረታ ሰነዱ መጠየቅ ያለበት በየረድፉ የሚነሳውን ክብደት የሚያሳየውን የጭነት ሰንጠረዥ ነው።

አካባቢያችንም የራሱ ጣጣ አለው። አቃቂ ከባሕር ጠለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው፣ ውሃም ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል። በጠረፍ ወደብ ሲሠራ የኖረ ማሽን እዚህ ሲመጣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ቶሎም ይሞቃል። የቅርብ ዘመን ሞተሮች ደግሞ ድኝ የሌለው ያህል ንጹሕ ናፍጣና የዩሪያ ፈሳሽ ይፈልጋሉ፤ እነዚህን ሳያረጋግጡ «አዲሱን ሞዴል» መምረጥ ችግር መግዛት ነው። መሬቱም ዝናብ ሲነካው የሚላላ ዋልካ ነው። ኮንቴይነር የተሸከመ ሪች ስታከር የፊት ጎማዎቹ ላይ 100 ቶን ያህል ያሳርፋል። ክረምት ላይ ኮብልስቶን አንጥፈው ይህን ማሽን የሚያስገቡ ግቢዎች አሉ፤ ምን እንደሚሆን ሰፈሩ ያውቃል።

ስለ መለዋወጫ ብዙ አልልም፤ ማሽኑ ሲገዛ አብሮ ካልተገዛ በኋላ የውጭ ምንዛሪ መለመን ነው። የሃይድሮሊክ ሲልና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከውጭ ከመምጣት ሌላ አማራጭ የለውም። ፒንና ቡሺንግ ግን እዚሁ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው፤ ቀድሞ የመለዋወጫ ፋብሪካ እንለው የነበረው የአቃቂ ቤዚክ ሜታልስ እኮ ከእነዚህ ግቢዎች ብዙም አይርቅም። ዲፖዎቹ አንድ ዓይነት ብራንድ ቢይዙ የጋራ ትዕዛዝ ማቅረብ ይቻላል። አሁን ግን አንዱ ካልማር፣ ሌላው ሃይስተር፣ ሦስተኛው ሳኒ ያቆማል፤ የአንዱ ዕቃ በአብዛኛው ለሌላው አይሆንም።

መርማሪ መላክ ወጪ ነው የሚሉኝ አሉ። የአንድ ባለሙያ ትኬትና አበል ከማሽኑ ዋጋ አንጻር ምን ያህል ነው? አንድ ማሽን ብቻ ያለው ግቢ ማሽኑ ሲቆም ሥራው ሁሉ ይቆማል፤ የጭነት መኪናዎች በር ላይ ይሰለፋሉ፣ ባዶ ኮንቴይነር በጊዜ ሳይመለስ ቅጣቱ በዶላር ይቆጠራል፣ ሂሳቡም ዞሮ ዕቃ ገዢው ላይ ይወድቃል። የመንግሥትም የግልም ገዢዎች ከስሪት ዘመኑ በፊት የጥገና መዝገብ፣ የቡም ምርመራ ውጤትና የጭነት ሰንጠረዥ ይጠይቁ። ፎቶግራፍ ብቻ ይዞ የሚቀርብ ሻጭ የዋጋ ፖስታው ሳይከፈት ይመለስለት።


የከባድ ማሽን ጥገና ባለሙያ፣ አቃቂ ቃሊቲ