የማዘጋጃ ቤቱ ግንብና የሕዝቡ መሬት

አንድ የመንግሥት ሕንፃ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ የፎቁ ብዛት ይቈጠራል፤ ወጪውም ይነገራል። ሳይነገሩ የሚቀሩ ሁለት ነገሮች ግን አሉ። ይኸውም ሕንፃው ያረፈበት መሬት የማን መኖሪያ እንደ ነበረና፣ ሕንፃው ከምርቃቱ በኋላ በማን ገንዘብ እንደሚኖር ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ይህንኑ ነው። ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ ነው የሚል ወገን ቢኖር፣ መሬት በኢትዮጵያ የመሐንዲስ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም እንለዋለን። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ተማሪ የጠየቀው፣ በመሠረቱ፣ መሬት ለማን ጥቅም ይዋል የሚለውን ነበር። ያ ጥያቄ ዛሬ ከእርሻው አልፎ ከተማ ገብቷል።

በኦክላንድ ከተማ ቴሌግራፍ አቬኑን የማያውቅ የአካባቢው ኢትዮጵያዊ አይገኝም። እንጀራ የምንበላበት፣ ቡና እየጠጣን ስለ አገራችን የምንከራከርበት መንገድ ነው። ይህ ጎዳና በሰሜን የሚያበቃው በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሲሆን፣ በደቡብ የሚጀምረው ከኦክላንድ ማዘጋጃ ቤት ጥቂት እርምጃ ርቆ ነው። ስለዚህ ከክርክራችን ተነሥተን ወደ ታች ብንሄድ የምንማርበት ሕንፃ እናገኛለን።

ይህ ማዘጋጃ ቤት እ.ኤ.አ. በ1914 የተሠራ ነው። በ1989 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ስለ ጎዳው ተዘጋ። አፍርሶ አዲስ መሥራት ይቻል ነበር፤ ከተማው ግን መጠገንን መረጠ። ከግንቡ ሥር ከመቶ በላይ የጎማና የብረት ትራስ ተደረገለት፤ መሬት ሲናወጥ ሕንፃው ቀስ ብሎ እንዲወዛወዝ እንጂ እንዳይሰነጠቅ ማለት ነው። በ1995ም እንደገና ተከፈተ። እንዲህ በመደረጉ ቀድሞ የወጣበት ድንጋይ፣ ብረትና የሰው ጉልበት አልባከነም፤ ለአዲስ ማዘጋጃ ቤት ሲባልም የሌላ ሰው መንደር አልተነካም። ሕንፃን ከአካባቢው ጋር ማስማማት ማለት ከሁሉ በፊት ያለውን አለማባከን ነው።

ይህን የምንለው አሜሪካንን ለማወደስ አይደለም። በዚያው በኦክላንድ ምዕራባዊ ክፍል፣ ጥቁር አሜሪካውያን በብዛት ይኖሩበት በነበረው ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ ለአንድ ትልቅ ፖስታ ቤት ቦታ ለማግኘት ቤቶች የፈረሱት በጦር ታንክ ነበር። ፖስታ ቤት ለሕዝብ አያስፈልግም አንልም። ነገር ግን ሕዝብን አባርሮ ለሕዝብ የሚሠራ ሕንፃ ስሙና ግብሩ ይለያያሉ። እንግዲህ ከአንዱ ከተማ ሁለት ትምህርት ይገኛል፤ አንዱ ሊደረግ የሚገባው፣ ሁለተኛው ሊደረግ የማይገባው ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አርቱሮ መዜዲሚ በተባለ ኢጣልያዊ አርክቴክት ንድፍ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ተሠርቶ በቸርችል ጎዳና ራስ ላይ ቆሟል። በቅርብ ዓመታት ታደሰ እንጂ አልፈረሰም፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን በዚያው በፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል ብዙ ቤት ፈርሶ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማው ዳር ተዛወረ። የተሰጣቸው ጊዜ አጭር እንደ ነበረ በርካታ ተነሺዎች ተናግረዋል። የመንግሥት ግንብ የመታደስ ዕድል ሲያገኝ የድኻው ቤት ያንን ዕድል ለምን ተነፈገ?

«ቤቶቹ ያረጁ፣ መጸዳጃ የሌላቸው ነበሩ» የሚል መልስ ይሰጠናል። እውነት ነው፤ ጣራው በሚያፈስ የቀበሌ ቤት መኖርን የሚመኝ የለም። ሰፊው የእግረኛ መንገድና መብራቱም ለከተማው ጠቅሞታል። ሆኖም ከ1967ቱ የትርፍ ቤት ዐዋጅ ወዲህ የእነዚህ ቤቶች ባለቤት መንግሥት ነበር። ባለቤቱ ሳይጠግን አስረጅቶ፣ በእርጅናው ምክንያት ተከራዩን ማስነሣት ፍርድ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የሕንፃዎቹ አሠራር ነው። በየከተማው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት እየተለመደ የመጣው ዙሪያውን በመስታወት የተሸፈነ ፎቅ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፣ አየሯ የተስማማ ከተማ ናት። በመስኮት አቀማመጥ ብቻ ያለ ማቀዝቀዣ መኪና መሥራት ይቻላል። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ የምሥራቁንና የምዕራቡን ግድግዳ ስለምትመታ፣ መስኮት ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢዞር፣ ጥላም ቢደረግለት ይበቃል። በቆላማዎቹ በመተማና በጋምቤላ ደግሞ መስታወቱ ክፍሉን ምድጃ ያደርገዋል። መብራት በጠፋ ቀን አሳንሰሩ ሲቆም፣ መታወቂያ ለማሳደስ የመጡት አሮጊት እናታችን አምስተኛ ፎቅ እንዴት ይውጡ? በሳን ሆዜ እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተውን ማዘጋጃ ቤት የመስታወት ጉልላት ፎቶ አንሥቶ ወደ አገር መላክ ቀላል ነው። ፎቶው ግን የመብራት ሒሳቡን አያሳይም።

ታዲያ ከዚህ አገር ወደ ቤታችን የሚላክ ቁም ነገር ካለ ከመስታወቱ ይልቅ ሥርዐቱ ነው። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣው የብራውን ሕግ መሠረት የከተማ ምክር ቤት በዝግ በር መክሮ መሬት ሊያድል አይገባውም፤ የመደበኛ ስብሰባውን አጀንዳ ከ72 ሰዓት በፊት ይለጥፋል፤ ነዋሪውም ገብቶ ይናገራል። ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ በአንቀጽ 43ም ሕዝቡ አካባቢውን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመጠየቅ መብት አለው ይላል። የጎደለው አፈጻጸሙ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ሊጠገን የሚችል አይፍረስ። የሚሠራው ለፀሐዩና ለክረምቱ ዝናብ ተስማምቶ ይሠራ። የወረዳው ግቢ ባለጉዳይ ከዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጥበት እንጂ በአጥር የታጠረ ባዶ ሜዳ አይሁን። ከሁሉም በላይ ንድፉ መሠረት ከመቈፈሩ በፊት በአማርኛም በአካባቢው ቋንቋም በወረዳው በር ላይ ይለጠፍ።

ምሕንድስና፣ ሕግና ኢኮኖሚክስ የምትማሩ ጓዶቻችን ሆይ፣ አገር ቤት ያላችሁም በውጭ ያላችሁም፣ የሰፈራችሁን ወረዳ ሕንፃ አጥኑ፤ የፈረሰውን መዝግቡ፤ የተነሡትን ጠይቁ፤ ጻፉም። ለሚቀጥለው ምርቃት ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት የመሬቱን ታሪክ የሚጠይቅ ሰው ይኑር።