ኪት ስኮትን ለገደላችሁት

ለ«ዋን ትሪ ሂል» ድራማ ደራሲያን፣

ስለ ቅርጫት ኳስ የጀመራችሁትን ታሪክ በወንድም ደም ያጨቀያችሁት እናንተ ናችሁና ይህ ደብዳቤ ለእናንተ ነው። «ልብ ወለድ እኮ ነው፣ ምን ያስለቅሳል?» የሚለኝ አይጠፋም። ለእሱ መልስ የለኝም፤ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ክርክር አይገጥምም።

መጀመሪያ ጋሼን ላስተዋውቃችሁ። አባቴ ጥሎን ሲሄድ ያሳደጉኝ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ልብስ ሰፊ ነበሩ። ማታ ማታ እሳቸው ሳሎን ውስጥ የሲንጀር መኪናቸውን ሲረግጡ፣ እኔ ከሠፈራችን ቪዲዮ ቤት የተከራየሁትን ዲቪዲ አያለሁ። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ እየተረጎምኩ እነግራቸዋለሁ። ኪትን «ያ መካኒኩ» ይሉታል፤ ጋራዥ ስላለው ነው። ለዳን ግን ስም አላወጡለትም። እሱ ሲመጣ ወደ ጨርቃቸው ያቀረቅራሉ።

ድራማውን ላላዩ አንባቢዎች ትንሽ ልበል። ትሪ ሂል ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ያለች የምናብ ከተማ ናት፤ የተቀረጸው እዚያው ግዛት ዊልሚንግተን ውስጥ ነው። ዳን ስኮት በወጣትነቱ የከተማዋ የኳስ ኮከብ ነበር። ካረንን አስረግዞ ኮሌጅ ገባና በዚያው ቀረ፤ ከሌላ ሴት ወለደ። የሁለቱ እናቶች ልጆች፣ ሉካስና ኔታን፣ አንድ ከተማ ውስጥ እንደ ባዳ አደጉ። ኔታንን አባቱ ቀን ከሌት ስለ ኳስ ነዘነዘው፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ልጁ አበረታች እንክብል ውጦ እስከ መውደቅ ደረሰ። ሉካስን ያሳደገው አጎቱ ነው፣ የዳን ታላቅ ወንድም ኪት። አሠልጣኝ ዋይቲ ዘንድ ሄዶ «ይህን ልጅ እየው» ያለውም እሱ ነው።

የልጆቹ ጠብ አላስጨነቀኝም፤ ኳስ ነበራቸዋ። ወንዝ ዳር ባለችው ሜዳ አንድ ለአንድ ተጋጠሙ፣ ተናናቁ፣ ውሎ አድሮ ወንድማማች ሆኑ። ይህን አሳምራችሁ ጽፋችኋል፤ ምስጋናዬን አልነፍጋችሁም። ያልታረቁት ትልልቆቹ ናቸው። ለእነሱ ሜዳ አልሰጣችኋቸውም።

ኪትም ቢሆን መልአክ አልነበረም። ጠጥቶ ሲነዳ ከሉካስ ጋር አደጋ ደርሶበት ልጁ ከሞት አፋፍ ተመልሷል። ግን ካረንን ዕድሜውን ሙሉ ሲወድ ኖረ፤ አንድ ቀን እንኳ ውለታ አልቆጠረባትም። ዳን ገንዘብ ከፍሎ ልቡን የምትሰብር ሴት ላከበት፤ ኪት በሠርጉ ዕለት ብቻውን ቆሞ ቀረ። ከዚያ የዳን መኪና መሸጫ ነደደ። ዳንም ያቃጠለኝ ወንድሜ ነው ብሎ ፈረደ። እሳቱን የለኮሰችው ሚስቱ ነበረች፤ ከእሳቱ ጎትቶ ያወጣው ደግሞ የካደው ልጁ ሉካስ።

በ2006 እ.ኤ.አ. ያስተላለፋችሁት የሦስተኛው ምዕራፍ 16ኛ ክፍል እኛ ቤት የደረሰው ዘግይቶ ነው። ጂሚ ኤድዋርድስ ሽጉጥ ይዞ ትምህርት ቤት ገባ። ጂሚን ከመጀመሪያው እናውቀዋለን፤ ወንዝ ዳር ከጓደኛው ከማውዝ ጋር ተቀምጦ ጨዋታውን እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ያስተላልፍ የነበረው ልጅ ነው። በኋላ ጠፋ። ጓደኞቹ ረሱት፤ እውነቱን ለመናገር እኔም የት ገባ ብዬ አልጠየቅሁም። (እዚህ ላይ ይዛችሁኛል።) ኪት ማንም ሳይልከው ገብቶ ኮሪደር ላይ አናገረው፣ ለመነው። ልጁ ሽጉጡን ራሱ ላይ አዞረና ተኮሰ። ከዚያ ዳን ገባ። የወደቀውን ሽጉጥ አነሳ፣ ወንድሙ ላይ ደገነ፣ ተኮሰ።

የሲንጀሩ ድምፅ ቆመ። ጋሼ «ወንድሙን?» አሉ። ትርጉም አልጠየቁኝም።

ኪትን ስለገደላችሁ ብቻ አልጽፍላችሁም ነበር። ወንድም ወንድሙን ሲገድል ከቃየልና ከአቤል ጀምሮ እናውቀዋለን። ያንገበገበኝ ደሙን በማን ላይ እንዳፈሰሳችሁት ነው። ከተማው ሁሉ ኪትን የገደለው ጂሚ ነው አለ። በሕይወት ሳለ የሚሰማው ያጣ ልጅ፣ ከሞተ በኋላ ያልሠራውን ወንጀል ተሸከመ። በዚያ ጊዜ የከተማዋ ከንቲባ የነበረው ዳን ግን እንደ ሐዘንተኛ ወንድም ተጽናና ተባለ። የኮሎምባይን እልቂት ከ1999 ወዲህ ያልለቀቃት አገር ውስጥ ተቀምጣችሁ፣ የብቸኛ ልጅን ጥፋት ለቤተሰብ ግድያ መጋረጃ አደረጋችሁት። መጋረጃውንም ቶሎ አልገለጣችሁም፤ ዳን እጁን የሰጠው በአራተኛው ምዕራፍ ማብቂያ ላይ ነው። በእናንተ አየር ሰዓት ከዓመት በላይ መሆኑ ነው። ካረን በዚህ መሃል የኪትን ልጅ አርግዛ ነበር፤ የልጇን አባት የገደለው ሰው ቤቷ እየገባ ሲያጽናናት እኛ እያወቅን እሷ ሳታውቅ እንድናይ አደረጋችሁን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ለዳን ንስሐ ሰጣችሁት። ታሰረ፣ ተፈታ፣ ተጸጸተ፤ በመጨረሻው ምዕራፍ፣ በ2012፣ ኔታንን ለማዳን ብሎ በጥይት ተመታ። ሲሞትም ኪት ከወዲያ ማዶ መጥቶ ተቀበለው። ፖል ጆሃንሰን ዳንን ሆኖ ሲተውን ጎበዝ ነው፤ እኔም አልቅሻለሁ፣ እየተናደድኩ። በእኛ ዘንድ የደም ዕርቅ ሲወርድ ሽማግሌ መሃል ይቀመጣል፣ ገዳይ ጥፋቱን ያምናል፣ ካሳው የሚሄደው ሟች ወደወጣበት ቤት ነው። እናንተ ካሳውን ለገዳዩ ከፈላችሁት። የጂሚን ቤት ደጅ ማን ረገጠ?

ይህ ጥያቄ የእኔ አይደለም፤ የጋሼ ነው። አራተኛውን ምዕራፍ ቪዲዮ ቤቱ እስኪያመጣው ወራት ፈጀ። እሳቸው በየመሃሉ ከስፌታቸው ቀና ብለው «የዚያ ልጅ ስም ጠራ?» ይሉኛል። ስለ መካኒኩ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር፤ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ከአባቴ ጋር ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበራቸውም፤ ስለ ወንድም ጉዳይ ማውራት አይወዱም ነበር። ዲቪዲው መጥቶ ዳን እጁን ሲሰጥ፣ «ጠራ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና «ለእናትየው ማን ነገራት?» አሉኝ።

ጋሼ ካረፉ አምስት ዓመታቸው ነው። የዚያን ማታ ዝም ያልኩትን መልስ ከእናንተ እጠብቃለሁ፤ ጻፉልኝ።