መሐንዲስነትንና ብስክሌትን አብሮ ስለሚሻ ልጅ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተሰማ ጊዜ በየቤቱ ምክር ይቀመጣል። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለ በአንዳንድ ቤት ግን ጥያቄው ድርብ ነው። ልጁ ምሕንድስና መማር ይሻል፤ ደግሞም ማለዳ ተነሥቶ በደጀን መንገድ ብስክሌቱን እየነዳ ለውድድር የሚዘጋጅ ነው። አባት «ብስክሌቱን ተወውና ተማር» ይላል፤ ልጅም ዝም ይላል። ዝምታው ግን እሺታ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ወር ልንመክር የወደድነው፣ ከሁለቱ አንዱን ከልጁ እጅ ከመንጠቅ አስቀድሞ ቈጥሮ መምረጥ እንደሚገባ ነው።

ጌታችን በወንጌል፣ ግንብ ለመሥራት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ማስላት እንዳለበት አስተምሮናል (ሉቃ. 14፥28)። ይህ ምሳሌ ለመሐንዲስ የሚስማማውን ያህል ለተወዳዳሪም ይስማማል፤ የሁለቱም ትልቁ ወጪ ጊዜ ነውና።

ብስክሌት የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚሉ ወላጆች ይህን ያስቡ። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሰለፍ ብስክሌተኞችም ልካ ነበር፤ እነ ገረመው ደንቦባ የነበሩበት ቡድን በጎዳና ውድድር 9ኛ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ በሴቶች የጎዳና ውድድር ወርቅ ያገኘችው ኦስትሪያዊት አና ኪዘንሆፈርም በሒሳብ የዶክትሬት ማዕርግ ያላት ስትሆን፣ በዚያን ጊዜ በአንድም የባለሙያ ቡድን አልታቀፈችም ነበር። ልብ እንበል፤ ዶክትሬቷን የጨረሰችው ከድሉ ዓመታት አስቀድሞ ነው። ሁለቱን አጣመረች ማለት ሁለቱን በአንድ ጊዜ ግንባር ላይ አሰለፈች ማለት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ወራቱን ሰጠችው ማለት ነው።

ወደ ኮሌጁ ምርጫ እንመለስ። ተማሪ የሚመደበው በውጤቱና በምርጫው ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ የቅጹ የመጀመሪያ መስመሮች በችኰላ የሚሞሉ አይደሉም። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለቤት ቅርብ ነው። ከተማይቱ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ በዚያ የሚኖር ሰው ደሙ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆኑትን ቀይ ሕዋሳት አብዝቶ ስለሚሠራ ለብስክሌተኛ ይጠቅመዋል። በባሕር ዳር ያለው የምሕንድስና ትምህርት ደግሞ በ1955 ዓ.ም. ከሶቪየት ኅብረት ጋር በመተባበር ከተቋቋመው ፖሊቴክኒክ የመጣ፣ ዕድሜ ያለው ነው፤ ከተማው ሜዳማ፣ ብስክሌትም የለመደ ነው። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ግን በራሳቸው የመግቢያ ፈተና የሚቀበሉ በመሆናቸው የተለየ ዝግጅት ይጠይቃሉ።

እንግዲህ ቤተሰቡ ስለ እያንዳንዱ እነዚህን ይጠይቅ። ልጁ የሚፈልገው የምሕንድስና ዘርፍ በዚያ አለ ወይ? ቤተ ሙከራና ወርክሾፕ በሳምንት ስንት ከሰዓት በኋላ ይወስዳሉ? ብስክሌት በመኝታ ቤቱ ግቢ በደኅና ይቀመጣልን? ለልምምድ የሚሆን፣ መኪና ያልበዛበት መንገድ አለ ወይ? ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ግጭት ስለ ደረሰ፣ የመንገዱ ሰላም ከሁሉ በፊት ይጠየቅ።

ቀጥሎ ሰዓቱ ይቈጠር። ከ24 ሰዓት ለእንቅልፍ 8፣ ለትምህርትና ለጥናት 10 ቢወጣ፣ ለምግብ፣ ለጸሎትና ለመንገድ የሚሆነው ተቀንሶ ለብስክሌት 2 ሰዓት ይገኛል። ይህ ለጀማሪ ተወዳዳሪ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን የምሕንድስና ዘርፍ የሚደለደለው በመጀመሪያው ዓመት ውጤት ስለሆነ፣ በዚያ ዓመት ትምህርቱ ይቅደም፤ ብስክሌቱ ይከተል። የጎዳና ብስክሌተኛ ጕልበቱ የሚጠነክረው በአብዛኛው ከ25 ዓመት በኋላ ነው፤ በ18 ዓመቱ ገብቶ በ23 የሚመረቅ ልጅ በሩ አልተዘጋበትም። ምናልባት ከታወቀ ቡድን ጥሪ ቢመጣ ፈቃድ ጠይቆ ትምህርቱን ማቋረጥና መመለስ ይቻል እንደሆነ ዩኒቨርሲቲውን አስቀድሞ መጠየቅ ብልህነት ነው።

የክርስቲያን ቤት ሌላም ሒሳብ አለው። ውድድር ብዙ ጊዜ እሑድ ጧት ይውላል፤ ስለ ቅዳሴና ስለ ጾም ልጁ ከንስሐ አባቱ ጋር አስቀድሞ ይማከር እንጂ በውድድሩ ዋዜማ አይጨነቅ። በጾም ወራትም እናት ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ተልባውንና ሰሊጡን ታበርታለት።

ወላጆች ሆይ፤ ብስክሌቱን ስለ ቅጣት አትሽጡበት። የካቴናውን፣ የኩሽኔታውንና የፍሬኑን አሠራር በገዛ እጁ የፈታና የገጠመ ልጅ የምሕንድስናን ፊደል ጀምሯል። ይልቅስ የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ከዚህ በታች ቢሆን ልምምዱ ይቀንሳል፤ ከዚህ በላይ ቢሆን ለጎማና ለውድድር ጉዞ እንረዳለን ብላችሁ በቃል ተዋዋሉ። ቃሉንም እናንተ አስቀድማችሁ ጠብቁ፤ ልጅ ውል ማክበርን የሚማረው ከአባቱና ከእናቱ ነውና።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የክርስቲያንን ተጋድሎ በሩጫ የመሰለው ሯጭ ራሱን የሚገዛ ሰው ስለሆነ ነው። ራሱን መግዛት የለመደ ልጅ በኮሌጅም በጎዳናም አያሳፍርም። ለልጆቻችን ጥበብንና ጤናን፣ ለመንገዶቻችንም ሰላምን እግዚአብሔር ይስጥልን፤ አሜን።